ዓይን ሲጨፈን የሚታየው ብርሃን

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ሁላችንም በየቀኑ ስለምናየው፣ ግን እርስ በርስ ስለማንጠያየቅበት ነገር ነው። መኪና የምትነዱ፣ እሳት ዳር ሆናችሁ የምታበስሉ፣ መንገድ ላይ ያላችሁ በጆሯችሁ ብቻ ተከታተሉን። ቤት አረፍ ያላችሁ ግን ከተመቻችሁ መብራቱን አጥፉና ዓይናችሁን ጨፍኑ። አትጭመቁት፤ ለመተኛት ስትሉ እንደምትጨፍኑት ቀለል አድርጉት።

(ለጥቂት ሰከንዶች ዝምታ)

ምን ይታያችኋል? ይህን የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ቶሎ ብሎ «ምንም፤ ጨለማ ነው» ይላል። እስቲ ትንሽ ታገሡና ደግማችሁ ተመልከቱት። ጨለማው ድፍን ጥቁር አይደለም፤ ወደ አመድማ ያደላል። በላዩ ላይ እጅግ ደቃቅ ነጠብጣቦች ይርመሰመሳሉ። ከቆያችሁ ደግሞ ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ የሚመስል ጭጋግ ከዳር ተነሥቶ ወደ መሐል ይሰበሰባል፤ ይሟሟል፤ ሌላው ይተካዋል። አንዳንዱ ሰው ክብ በክብ ውስጥ ያያል፤ ሌላው ቀጫጭን መስመሮች፣ ሌላው ጥምዝ። ምንም ያልታያችሁም አትጨነቁ፤ ሰው ሁሉ እኩል አያየውም።

ይህ ሕመም አይደለም። ዓይናችን ሲጨፈን ማየታችን አይቆምም፤ የቆመው ከውጭ የሚገባው ብርሃን ብቻ ነው። ዓይንና አንጎል ሥራቸውን አያቆሙም፣ የሥራቸውንም ድምፅ እኛ እንደ ብርሃን እናየዋለን። ዛሬ ይህን ድምፅ ከምንጩ እየተከተልን እንሄዳለን። የትኛው የጤና፣ የትኛው ደግሞ የአደጋ ምልክት እንደሆነም እንለያለን።

ከአመድማው ጨለማ እንጀምር። በዓይናችን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተለበጠ ስስ ሽፋን አለ፤ ሬቲና ይባላል። በእያንዳንዱ ዓይን ሬቲና ላይ ለጨለማ የተዘጋጁ ዘንግ መሰል ሴሎች አሉ፤ ቁጥራቸው ወደ 100 ሚሊዮን ይጠጋል። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ደግሞ ሮዶፕሲን የተባለ ብርሃን የሚይዝ ንጥረ ነገር ታጭቋል፤ እሱም በአንድ ሴል ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ሞለኪውል በላይ ነው። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ከአንዱ ሞለኪውል ጋር ስትገናኝ የሞለኪውሉ ቅርጽ ይለወጥና ሴሉ «ብርሃን መጣ» ብሎ ያስታውቃል። ይህ መሣሪያ ምን ያህል ስል እንደሆነ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1942 ኒው ዮርክ፣ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሴሊግ ሄክትና ሁለት ባልደረቦቹ ጨለማን በለመደ ሰው ዓይን ላይ ለክተውታል። ሬቲናው ከ5 እስከ 14 የሚሆኑ የብርሃን ቅንጣቶችን ብቻ ይዞ ሰውየው «አየሁ» ለማለት ይችላል።

እንዲህ ያለ ስል መሣሪያ ግን ፈጽሞ ዝም ሊል አይችልም። የሮዶፕሲን ሞለኪውል ብርሃን ሳይነካው በሰውነታችን ሙቀት ብቻ አንዳንድ ጊዜ ቅርጹን ይለውጣል። ለአንዱ ሞለኪውል ይህ የሚደርሰው በብዙ መቶ ዓመታት አንዴ ነው፤ ሞለኪውሎቹ ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም። በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ዴኒስ ቤይለርና ባልደረቦቹ የጦጣን ዘንግ መሰል ሴል አንድ በአንድ ሲለኩ፣ እያንዳንዱ ሴል በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በአማካይ በየ160 ሰከንዱ አንድ የሐሰት ምልክት እንደሚልክ አገኙ። ሒሳቡን በእኛ ዓይን ላይ ብንሠራው በየሰከንዱ ከ500 ሺህ በላይ ይሆናል ማለት ነው። ሬዲዮናችሁን ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ስታዞሩ በመካከል «ሽሽሽ» የሚለውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። ማንም እየተናገረ አይደለም፤ መቀበያው ክፍት ስለሆነ ብቻ ይጮኻል። የተጨፈነ ዓይን አመድማ ጨለማም እንዲሁ ነው። አንጎል አብዛኛውን ያጣራዋል፤ የቀረው ግን ይታያል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ይህ ሮዶፕሲን የሚሠራው ከቫይታሚን ኤ ነው። ሲመሽ በዕቃ የሚደናቀፍ፣ በቀን ግን ደህና የሚያይ ልጅ ካላችሁ ዳፍንት ሊሆን ይችላልና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የልጁ ዘንግ መሰል ሴሎች ሮዶፕሲን የሚሠሩበት አጥተው ሊሆን ይችላል። ጉበት፣ እንቁላል፣ ካሮት፣ ጎመን ይህን ቫይታሚን ይሰጣሉ። በቶሎ ካልታከመ ዳፍንት የዓይንን መስተዋት እስከ ማጥፋት ይደርሳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምንጭ እንሂድ። በጥፊ የተመታ ሰው «ዓይኔ ላይ ብልጭ አለብኝ» ይላል። እውነቱን ነው። ሬቲና የተሠራው ለብርሃን ቢሆንም ግፊትም ይቀሰቅሰዋል። ይህን የሰው ልጅ ያወቀው ገና ጥንት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው የክሮቶን ሰው አልክሜዮን፣ ዓይን ሲመታ ብልጭታ ስለሚወጣ በውስጡ እሳት አለ ብሎ አስተማረ። አይዛክ ኒውተን ደግሞ በወጣትነቱ፣ በ1660ዎቹ አጋማሽ፣ ጫፉ የደነዘዘ ወስፌ መሰል ነገር በዓይኑ ኳስና በአጥንቱ መካከል አስገብቶ ከበስተጀርባ ተጫነው። ነጭ፣ ጥቁርና ባለቀለም ክቦች ታዩት፤ የዓይኑንና የወስፌውን ሥዕል ማስታወሻው ላይ ሠራ። ማስታወሻው ዛሬም ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ኒውተን ዓይኑ የዳነለት ዕድለኛ ሰው ነው፤ ማንም እንዳይሞክረው።

ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ግን ያለ ወስፌ ሊያየው የሚችል አንድ ነገር አለ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ወደ አፍንጫችሁ አቅጣጫ አዙሩት። ከዚያ በጆሮ በኩል ባለው የዓይን ጠርዝ፣ በቆቡ ላይ፣ በጣት ጫፍ እጅግ በስሱ ንኩት። ጣታችሁ ያለው በጆሮ በኩል ነው፤ ብርሃናማው ክብ የሚታያችሁ ግን በተቃራኒው፣ በአፍንጫ በኩል ነው። ለምን? የዓይን ሌንስ ምስልን ገልብጦ ስለሚጥል፣ በጆሮ በኩል ያለው ሬቲና ዕድሜውን ሙሉ የሚቀበለው ከአፍንጫ በኩል የሚመጣውን ብርሃን ነው። አንጎል ይህን ያውቃል። ስለዚህ ያ የሬቲና ክፍል ሲነካ «ብርሃኑ ከአፍንጫ በኩል ነው» ብሎ ይፈርዳል። የነካው ጣት መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የዓይን ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ ግላኮማ ያለባችሁ፣ በቅርብ ማየት ብቻ የምትችሉ አትንኩት። ዓይንን አዘውትሮ ማሸትም ለማንም አይበጅም።

ግፊት እንደ ብርሃን መታየቱን ሕግ አድርጎ ያስቀመጠው ጀርመናዊው የሰውነት ሥራ ሊቅ ዮሐንስ ሙለር ነው። እ.ኤ.አ. በ1826 እንዳስተማረው፣ የዕይታ ነርቭን የነካው ምንም ይሁን ምን፣ ብርሃንም ይሁን ግፊት፣ ኤሌክትሪክም ይሁን ደም፣ ለእኛ የሚሰማን እንደ ብርሃን ብቻ ነው። በእሱ ዘመን አንድ ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በጨለማ የተደበደበ ሰው «ዓይኔን ሲመታኝ በወጣው ብርሃን የመታኝን ሰው ለየሁት» ብሎ መሰከረ። ሙለር ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል፤ መልሱም ግልጽ ነው። ያ ብርሃን ከዓይን ወደ ውጭ አይወጣም፤ የማንንም ፊት አያበራም። በአንድ ሰው ምስክርነት የሌላው ሰው ዕጣ ሲወሰን እንዲህ ያለው ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አስቡት።

የጨረቃ ተጓዦችም ይህን ሕግ በዓይናቸው አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ጉዞ ላይ ባዝ ኦልድሪን በጨለመው መንኮራኩር ውስጥ ብልጭታ እንዳየ ተናገረ። ከእሱ በኋላ የተጓዙትም ዓይናቸውን ጨፍነው ሳሉ ነጠብጣብና ሰረዝ የመሰለ ብርሃን ቆጠሩ። ከጠፈር የሚመጡ ኃይለኛ ቅንጣቶች የመንኮራኩሩን ግድግዳና የዓይናቸውን ቆብ ዘልቀው ነበር የሚያልፉት።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ሰው ያን ኤቫንጌሊስታ ፑርኪንዬ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1787 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፣ ሊቦሆቪትሴ በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱን በልጅነቱ አጣ። ቄስ ለመሆን በአንድ የካቶሊክ ማኅበር ውስጥ ገብቶ ሲማር ቆየና ክህነት ሳይቀበል ወጣ፤ ከዚያም ፕራግ ሄዶ ሕክምና አጠና። ለመመረቂያ ጽሑፉ ላቦራቶሪ አድርጎ የመረጠው የራሱን ሁለት ዓይኖች ነው። ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1819 ፕራግ ውስጥ ታተመ። በ28 ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ ከሥዕሎች ጋር፣ ከውጭ ሳይመጣ በዓይን ውስጥ ብቻ የሚታየውን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረዝራል።

የመጀመሪያው ሙከራው ይህ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ቆመ። እንደሚጠበቀው ቢጫ የተቀላቀለበት ቀይ ታየው፤ ይህ የቆባችን ሥጋና ደም ከሌላው ቀለም ይልቅ ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው። ከዚያ የእጁን ጣቶች ዘርግቶ፣ ፈልቀቅ አድርጎ፣ በዓይኑ ፊት ወደ ላይና ወደ ታች በፍጥነት ያወዛውዝ ጀመር። ብርሃንና ጥላ ሲፈራረቁ በቀዩ ላይ የዳማ ሰሌዳ ታየ፤ ጥቁርና ብሩህ አራት ማዕዘኖች እየተፈራረቁ ተደረደሩ። ቆይቶ ጨረር ያላቸው ኮከቦች፣ ስድስት ማዕዘኖችና ጥምዞች መጡ። ሳይቸኩል እስኪጠሩለት ጠበቀና ሣላቸው። በጨለማ ውስጥ ደግሞ ከዳር ወደ መሐል የሚንሸራሸሩትን የጭጋግ ክሮች መዘገበ፤ ቅድም እናንተ ያያችሁትን ማለት ነው። ዓይኑን እየተጫነ፣ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ከግንባሩ እያገናኘ የመጣለትን ቅርጽ ሁሉ በሥዕል አስቀረ።

ከሙከራዎቹ አንዱ ዛሬም ሐኪም ቤት ውስጥ ይሠራል። በጨለማ ክፍል ከዓይን ጎን ትንሽ ብርሃን ሲወዛወዝ፣ ሰውየው የራሱን የሬቲና ደም ሥሮች ጥላ ቅርንጫፉ እንደተንሰራፋ ዛፍ ሆኖ ያየዋል። የዓይን ሞራው የጠና ሰው ሲመጣ ሐኪሙ ከሞራው ጀርባ ያለውን ሬቲና በመሣሪያ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ በተጨፈነው ቆብ ላይ ትንሽ ባትሪ ያወዛውዝና ምን እንደታየው ይጠይቀዋል። «የዛፍ ሥር የመሰለ አየሁ» ካለ፣ ከሞራው በስተጀርባ ሬቲናው እየሠራ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ሊጠቅመው ይችላል የሚል ተስፋ ይሰጣል።

በዚያ ዘመን ብዙዎች እንዲህ ያለውን ነገር የዓይን ስሕተት ብለው ያልፉት ነበር። ፑርኪንዬ ግን አላለፈውም፤ ዓይን የሚሳሳትበት መንገድ ዓይን የተሠራበትን መንገድ ይናገራል ብሎ አመነ። ስለ ቀለም ብዙ የደከመው ገጣሚው ጎተ ጽሑፉን ወደደለት፤ እ.ኤ.አ. በ1822 ቫይማር ላይ ተገናኙ። በማግስቱ ዓመት ፑርኪንዬ በብሬስላው ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ከተማዋ ዛሬ የፖላንዷ ቭሮትስዋፍ ናት። ሐኪሞች ዛሬ በስሙ የሚጠሯቸውን ትልልቅ የአንጎል ሴሎች የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1837 እዚያ ሆኖ ነው። ይህ ሁሉ የተጀመረው ፀሐይ ላይ ቆሞ ጣቱን ከሚያወዛውዝ ተማሪ ነው። ወጣት አድማጮቻችን ይህን እንድታስቡልኝ እወዳለሁ፤ መሣሪያ የለኝም ብሎ ያልቆመ ትዕግሥተኛ ሰው ከራሱ አካል ይህን ያህል ተምሯል።

የፑርኪንዬን የዳማ ሰሌዳ ብዙዎቻችሁ ሳታስቡት አይታችሁት ይሆናል። በአውቶቡስ ስትሄዱ፣ መንገዱ ዳርና ዳር በባሕር ዛፍ ተሰልፎ፣ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ፣ እናንተም መስኮቱን ተደግፋችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። የዛፎቹ ጥላ በፊታችሁ ላይ እየተፈራረቀ ሲያልፍ ቀለማትና ቅርጾች ይግተለተላሉ። ሠዓሊው ብራየን ጋይሲን ይህ የደረሰበት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 21 ቀን 1958 ወደ ማርሴይ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ከዚያ በመነሣት ከአንድ ወዳጁ ጋር መብራት መሐሉ አድርጎ የሚሽከረከር ባለቀዳዳ ቱቦ ሠራ፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱ ይቀመጣል። በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚፈራረቅ ብርሃን ይህን በኃይል ያመጣል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች አንዳንዶቹን ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ሊጥላቸው ይችላል። በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይህን ጨዋታ አትሞክሩት።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ጥያቄ ይነሣል። ሰዎች የሚያዩት ቅርጽ ለምን ተመሳሳይ ይሆናል? በ1920ዎቹ ሃይንሪክ ክሉቨር የተባለ ተመራማሪ፣ ፔዮቴ ከተባለ ቁልቋል የሚወጣ መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች የሚያዩትን ሲሰበስብ አራት ዓይነት ቅርጾች ደጋግመው መጡበት፤ መረብና የማር እንጀራ፣ የሸረሪት ድር፣ ዋሻ፣ ጥምዝ። መድኃኒቱን ያልወሰዱ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ብቻ ያዩ፣ ወይም በእንቅልፍ አፋፍ ላይ ያሉ ሰዎችም ወደነዚሁ የሚጠጋ ነገር ያያሉ። ቅርጾቹ የመጡት ከመድኃኒቱ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1979 ባርድ ኤርመንትራውትና ጃክ ካወን በሒሳብ መልስ ሰጡ። በራስ ቅላችን ጀርባ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ ሬቲና የተቀበለው ሁሉ እንደ ካርታ የሚዘረጋበት የአንጎል ክፍል አለ። አዘረጋጉ ግን እኩል አይደለም። ፊት ለፊት የምናተኩርበት ትንሽ ቦታ ሰፊ መሬት ይወስዳል፤ የዳር ዳሩ ዕይታ በጠባብ ይታጨቃል። በዚህ የተነሣ ከፊታችን ያለ ክብ ቀለበት አንጎል ላይ ሲያርፍ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ከመሐል ወደ ዳር የሚወጣ ጨረር በሌላ አቅጣጫ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ጥምዝ ደግሞ ሰያፍ መስመር። እንግዲህ ነገሩን ገልብጡት። አንጎል በራሱ ጊዜ ሲናወጥ፣ ነርቮቹ በተርታ በተርታ፣ ቀጥ ባሉ መስመሮች ይነሣሉ። እኛ ግን የምናየው መስመር አይደለም፤ ክብ፣ ዋሻ፣ ጨረር፣ ጥምዝ ነው። በተጨፈነ ዓይን ያየነው ጥምዝ የገዛ አንጎላችን የሥራ ካርታ ነው ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ግኝት በዚህ መስክ አላውቅም።

ይህ ዕውቀት ለዓይነ ስውራንም በር ከፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዛዊው ጃይልስ ብሪንድሊ ከቀዶ ሐኪሙ ዋልፖል ሌዊን ጋር ሆኖ የሠራውን ሥራ አሳተመ። የ52 ዓመት ዓይነ ስውር ሴት አንጎል ላይ፣ በዚያው በራስ ቅል ጀርባ፣ 80 ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጫፎች አኖሩ። አንዱ ጫፍ ሲነካ ሴትዮዋ በአንድ የተወሰነ ቦታ ነጭ ነጥብ አየች፤ ሌላው ሲነካ በሌላ ቦታ። ዓይኗ ሥራ ካቆመ በኋላ አንጎሏ ብርሃን መሥራቱን አልተወም ነበር። ዛሬ በተለያዩ አገሮች የሚሞከሩት ሰው ሠራሽ የዕይታ መሣሪያዎች የዚያ ሥራ ልጆች ናቸው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ የጤናውን ነገር እናንሣ። አምፖል አይታችሁ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ የአምፖሉ ቅርጽ ቀለሙን ቀይሮ ይቀራል። ይህ የብርሃን መቀበያ ሴሎች ስለደከሙ ነው፤ በሰከንዶች፣ ቢበዛ በደቂቃዎች ይጠፋል። ፀሐይን አፍጥጦ ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፌክነር እነዚህን ቀሪ ምስሎች ለማጥናት ፀሐይን ሲመለከት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1839 አካባቢ ዓይኑ ታመመ፤ ማስተማሩን ትቶ ዓመታት በጨለማ ክፍል ተቀመጠ። በአገራችን ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሆና በታየችበት ዕለት ሐኪሞች ያለ መከላከያ መነጽር አትመልከቱ እያሉ የወተወቱት ለዚህ ነው። በፀሐይ የተቃጠለ ሬቲና አያምም፤ ሰውየው መጎዳቱን የሚያውቀው መሐሉን ሲያጣው ነው።

ራስ ምታት ከመጀመሩ በፊት ዚግዛግ የሆነ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ማይግሬን ነው። ዓይን ቢጨፈንም አይጠፋም፤ ምንጩ አንጎል ነውና። ከመሐል አካባቢ ትንሽ ሆኖ ይነሣል፤ እንደ ማጭድ እየጎበጠ ወደ ዳር ይሰፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሂዩበርት ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1870 የራሱን በቀለም ሥሎ አሳይቷል። በ1941 ደግሞ አሜሪካዊው ካርል ላሽሊ የራሱን ዚግዛግ በሰዓት እየለካ ሞገዱ በአንጎል ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንደሚጓዝ አሰላ። ብርሃኑ በጎልማሳነት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ፣ ወይም ከእጅ መዛልና ከአፍ መተሳሰር ጋር ከመጣ ግን ማይግሬን ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ሐኪም ይየው።

ስለ አረጋውያን ልናገር። ስዊዘርላንዳዊው ሻርል ቦኔ እ.ኤ.አ. በ1760 ስለ አያቱ ስለ ሻርል ሉላ ጻፈ። ሽማግሌው ዕድሜያቸው ወደ 90 ተጠግቶ ዓይናቸው በሞራ ደክሞ ነበር። አእምሯቸው ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን የሌሉ ሰዎች፣ ወፎች፣ ሠረገላዎችና ሕንፃዎች ይታዩአቸዋል፤ እንደሌሉም ያውቃሉ። ዓይን መልእክት ሲያጓድል አንጎል ባዶውን በራሱ ሥዕል ይሞላዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዓይነቱ ምስል ዓይን ተከፍቶ ሳለ ይመጣል፤ ሲጨፈን ወይም ሲርገበገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ የግማሽ ያህሉም መንስኤ የዓይን ሞራ እንደሆነ አመልክቷል። ስለዚህ በየቤቱ ያሉ እማማና አባባ ይህን እያዩ ዝም ብለው ሊሆን ይችላል፤ «አበደ» ወይም «ለከፈው» እንዳይባሉ ፈርተው። እባካችሁ ጠይቋቸው። «እማማ፣ የሌለ ነገር ይታይዎታል እንዴ?» በሏቸው፤ ቢነግሯችሁም አትሣቁ፣ አትደንግጡ። ይዛችኋቸው ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ፤ ሞራ ከሆነ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል።

አሁን አደገኛውን ብልጭታ እንወቅ። በዓይናችን ውስጥ ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ በዕድሜ እየሟሸሸ ሲሄድ ሬቲናውን ይጎትታል። በጨለማ ዓይናችሁን ወዲያ ወዲህ ስታደርጉ ከዳር በኩል የመብረቅ ዓይነት ጭረት ካያችሁ የመጎተቱ ምልክት ነው። አንዳንዴ ያለ ጉዳት ያልፋል፤ አንዳንዴ ግን ሬቲናው ይቀደዳል፣ ከግድግዳውም ይላቀቃል። የሚላቀቅ ሬቲና አያምም። ብልጭታው በድንገት ከበዛ፣ ጥቁር ነጠብጣቦች እንደ ጥላሸት ከረገፉ፣ ከአንድ በኩል መጋረጃ የመሰለ ጥላ ከመጣ ለነገ አይባልም። ይህ ይበልጥ የሚያሰጋው በጣም ቅርብ ብቻ የሚያዩትን፣ ዓይናቸው የተመታውንና የሞራ ቀዶ ሕክምና ያደረጉትን ነው። በዚያው ዕለት የዓይን ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። ዓይናችሁን አትሹት፤ ቤት ውስጥ የተገኘ ጠብታም አታድርጉበት። እዚያ ስትደርሱ ብልጭታው የትኛው ዓይን ላይ እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመረ፣ ጥላው ከላይ ይሁን ከታች፣ ከአፍንጫ በኩል ይሁን ከጆሮ በኩል እንደመጣ ለሐኪሙ ንገሩት።